ሽቅቡን በገዛ እጅ፣ ቁልቁሉን በባለሙያ

መኪና ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን፣ «ይቺ መኪና ትንሽ ጉልበት ቢጨመርላት!» ማለቱ አይቀርም። ጭነት የሚያመላልሰው አይሱዙ ነጂም፣ የላዳ ታክሲ ያለውም፣ ትናንት ቪትዝ የገዛውም ይህንኑ ይላል። በየካ ክፍለ ከተማ ግን ነገሩ ምኞት ብቻ አይደለም። ፊት ለፊት እንጦጦ አለ። ከቀበና ተነስቶ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ ጉራራ የሚወጣ ሾፌር ዳገቱን ሳያስብ ሞተር አያስነሳም።

ጉልበት ለመጨመር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ገንዘብ ከፍሎ ለጋራዥ ወይም ለመኪናው ወኪል ድርጅት መስጠት ነው። ሁለተኛው እጅጌን ሰብስቦ ራስ መሥራት ነው። የትኛው ይሻላል? «ጋራዥ የገባ መኪና ገንዘብ ይበላል እንጂ አይድንም» የሚል አለ። «የማያውቁትን መነካካት ጥፋት ነው» የሚልም አለ። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። በዚህ ትምህርት እውነቱን ሙሉ ለማድረግ እንሞክራለን። የምንማረውም በአንድ አሮጌ ላዳ፣ በአንድ ደብተርና እኔው ራሴ በሠራሁት ስህተት ነው።

1. የአጎቴ ላዳ

አጎቴ ሰማያዊና ነጭ የተቀባች ላዳ አለችው። ላዳ በሶቪየት ኅብረት፣ በቶሊያቲ ከተማ፣ በ1970 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሠራት የጀመረ መኪና ነው። መሠረቱ የጣሊያኑ ፊያት 124 ነው። የዚህ ዓይነቱ ላዳ እስከ 2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ድረስ ሲመረት ቆይቷል። አሠራሩ ቀላል ነው። ኮፈኑን ስትከፍቱ ሁሉ ነገር ይታያል፤ እጅም ይገባል።

የአጎቴ ላዳ ሦስት ሰው ስትጭን ዳገቱን ትወጣለች። አራተኛ ሲጨመርባት ታቃስታለች። አንድ ቀን ከሾላ ገበያ ጤፍ ሸምተው የሚመለሱ አንዲት እናት ተሳፍረው ነበር። መኪናዋ ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ እየተንቀጠቀጠች ቆመች። እናት ወረዱና፣ «ልጄ፣ አንተም እረፍ፣ እሷንም አሳርፋት። እኔ በእግሬ እቀድማችኋለሁ» አሉት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። አጎቴ ግን አልሳቀም። በማግሥቱ ማልዶ ወደ አንድ ጋራዥ ሄደ።

መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ አየና፣ «ጋሼ፣ መኪናዋ ርቧታል። ቤንዚን ብዙ ስትጠጣ ብዙ ትጎትታለች» አለው። ከዚያም ካርቡራቶሩን ፈታ። ካርቡራቶር ማለት ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው ወደ ሞተር የሚገቡበት ዕቃ ነው። በውስጡ ቤንዚን የሚያሳልፍ ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ አለ። መካኒኩ ይህን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ አሰፋው። አጎቴም የሁለት ሳምንት ገቢውን ከፍሎ ወጣ። ደረሰኝ አልጠየቀም፤ አልተሰጠውምም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ላዳዋ ጥቁር ጭስ ትተፋ ጀመር። ዳገቱን ግን እንደ ቀድሞው እንኳ አልወጣችም።

2. የጎደለው ቤንዚን አይደለም፤ አየር ነው

እኔ በዚያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥቼ ነበር። የተማርኩትን አስታውሼ፣ «አጎቴ፣ መኪናዋ የራባት ቤንዚን ሳይሆን አየር ነው» አልኩት። እሱም፣ «አንተ የምትነዳው የመጽሐፍ መኪና ነው፤ የኔዋ ግን የብረት ናት» አለኝ። እኔም የቡና ምድጃውን እያሳየሁ አስረዳሁት። እናንተም እንዲህ ተመልከቱት።

ከሰሉ ደብዝዞ ጀበናው አልፈላ ሲል ባለቡናዋ ምን ታደርጋለች? ከሰል ላይ ከሰል አትከምርም። ማራገቢያዋን አንስታ ታራግባለች። እሳት ያለ አየር አይነድምና ነው። ሞተርም እንዲሁ ነው። ሞተር በብረት ውስጥ የተዘጋ ምድጃ ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲነድ 15 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። አሥር ሊትር ቤንዚን የሚመዝነው ከ7 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ነው። ስለዚህ አሥር ሊትር ቤንዚን የምታነድ መኪና ከ100 ኪሎ በላይ አየር ትተነፍሳለች ማለት ነው። አየሩን ስለማንከፍልበት አንቆጥረውም እንጂ፣ ከቤንዚኑ ይልቅ ብዙውን የምትወስደው አየር ነው።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ። ከፍ ወዳለ ቦታ በሄድን ቁጥር አየር ይሳሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ናት። የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በባሕር ዳርቻ አንድ ጣሳ ሙሉ አየር ብንቀዳና በአዲስ አበባም በዚያው ጣሳ ብንቀዳ፣ የአዲስ አበባው በክብደት በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በእንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ ከሩብ በላይ ይጎድላል። ዳገት ስንወጣ እኛም ቶሎ ቶሎ የምንተነፍሰው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ሞተሩ ግን ጣሳው አንድ ነው። ጣሳውን ማስፋት አይችልም።

በቁጥር እንየው። አንድ መኪና በባሕር ዳርቻ 60 የፈረስ ጉልበት አላት እንበል። ምንም ሳትበላሽ፣ አዲስ ሆና ሳለ፣ አዲስ አበባ ስትደርስ 47 ያህል ይቀራታል። እንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ 44 ገደማ ይሆናል። አሥራ ስድስቱን ፈረስ ማንም አልሰረቀም። ከፍታው ወሰዳቸው።

ሌላም ነገር አለ። የድሮ ካርቡራቶር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ቤንዚኑን በተሠራበት ልክ መቅዳቱን ስለሚቀጥል በደጋ ላይ ድብልቁ በቤንዚን ይበዛል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ከአንድ አሥረኛ በላይ ትርፍ ቤንዚን ይገባል። ላዳዋ ስለዚህ ቀድሞውኑ ቤንዚን በዝቶባት ነበር። መካኒኩ ቀዳዳውን ሲያሰፋው በደበዘዘ ከሰል ላይ ከሰል ከመረ ማለት ነው። ጥቁሩ ጭስ ሳይነድ የወጣ ቤንዚን ነው። አጎቴ ገንዘብ የከፈለው ለጭስ ነበር።

መካኒኩ ክፉ ሰው ነበር አንልም። ቤንዚን ጨምሮ ጉልበት የሚገኝበት ጊዜም አለ። የእሱ ጥፋት ከመመርመሩ በፊት መፍትሔ መስጠቱ ነው። የአጎቴ ጥፋት ደግሞ «በፊት ስንት ነበር፣ አሁንስ ስንት ሆነ?» ብሎ አለመጠየቁ ነው።

3. ደብተሩ

ከሁሉ በፊት 32 ቅጠል ደብተር ገዛን። አጎቴ በአሥር ሊትር ቤንዚን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ፣ ከፈረንሳይ ማዞሪያ እስከ ጉራራ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት በየቀኑ እንዲጽፍ ተስማማን። አጎቴ ጽሕፈት ብዙም አይወድም። ቁጥር መጻፍ ግን ቶሎ ለመደ። የመጀመሪያው ሳምንት ውጤት በአሥር ሊትር 74 ኪሎ ሜትር ሆነ። ጋራዥ ከመግባቷ በፊት ስንት ነበር? አልተጻፈምና ማንም አያውቅም። ወደ ጋራዡ ተመልሶ እንዳይከራከር ማስረጃ የለውም። ያልተለካ ነገር ተሻሻለ ወይም ባሰበት ብሎ መናገር አይቻልም።

ከዚያ በገዛ እጃችን የሚከተለውን ሠራን።

አንደኛ፣ የአየር ማጣሪያውን አወጣን። በአቧራ ተደፍኖ የጠላ ማጥለያ መስሎ ነበር። አየር ጎደላት የምንላት መኪና አፍንጫዋ ታፍኖ ነበር ማለት ነው። በአዲስ ለወጥነው።

ሁለተኛ፣ ካንዴላዎቹን ፈታን። አራቱም እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁረዋል። ካንዴላ የሞተር ምላስ ነው ይባላል። ሐኪም ምላስ አይቶ እንደሚናገር፣ ካንዴላ ያየም ስለ ሞተሩ ይናገራል። ጥቁርና ጥላሸታም ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፤ ሞተሩም ከመጠን በላይ ይግላል። ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ጠርገን፣ ክፍተታቸውን የመኪናዋ መጽሐፍ በሚያዘው ልክ አስተካክለን መለስናቸው። ካንዴላ የሚፈታው ሞተሩ ከበረደ በኋላ መሆኑን አትርሱ።

እነዚህን ሁለት ሥራዎች እንደጨረስን ደብተሩ በአሥር ሊትር 82 ኪሎ ሜትር አለ።

ሦስተኛ፣ ወደ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄደን የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳውን ፈለግን። ይህች የነሐስ ዕቃ ከጥፍር አትበልጥም፤ ላይዋ ላይ ግን ቁጥር ተቀርጿል። 130 ማለት የቀዳዳው ስፋት 1.30 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ማንበብ የሚችል ሰው አይታለልም። መካኒኩ በመሰርሰሪያ ወደ 1.40 አስፍቶት ነበር። «0.1 ሚሊ ሜትር ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። ግን ቀዳዳ የሚያሳልፈው በአፉ ስፋት ሳይሆን በመላ ገጹ ነው። 1.40 በ1.40 ሲባዛ 1.96 ይሆናል። 1.30 በ1.30 ሲባዛ 1.69 ነው። ልዩነቱ 16 ከመቶ ነው። በዓይን የማይታይ ነገር ከመቶ ሊትር ላይ 16 ሊትር ይጨምራል። እኛ 125 የሚል ቁጥር ያለበትን ገዝተን አስገባን። ከሳምንት በኋላ ካንዴላውን ስናወጣው ፈዛዛ ቡናማ ሆኗል።

ደብተሩ በአሥር ሊትር 95 ኪሎ ሜትር አለ። ዳገቱም ከ12 ደቂቃ ወደ 9 ደቂቃ ወረደ። አራት ሰው ተሳፍሮ፣ አንድም ሰው ሳይወርድ፣ ጉራራ ደረስን።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ እናስገባ። ላዳ እንደ ሞተሩና እንደ ካርቡራቶሩ ዓይነት ቁጥሩ ስለሚለያይ የእኛን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱ። ደግሞም ለደጋ የተስተካከለች መኪና ወደ ቆላ ስትወርድ ቤንዚን ያንሳታል። አዳማ 1,700 ሜትር ያህል፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ገደማ ላይ ናቸው። ረዥም መንገድ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ቀዳዳውን መልሶ መለወጥ አለበት፤ አለዚያ ሞተሩ ግሎ ቫልቩ ይቃጠላል።

ልብ በሉ። እኛ ለመኪናዋ አንድ ፈረስ እንኳ አልጨመርንም። የጠፋውን ነው የመለስነው። «ጉልበት ይጨመርልኝ» ከሚሉ አሮጌ መኪናዎች ብዙዎቹ የሚፈልጉት ጭማሪ ሳይሆን ጥገና ነው።

4. ቁልቁለቱ

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ያማረ ነው። ብንተወው ኖሮ እኔም አጎቴም ጀግና ሆነን እንቀር ነበር።

ሽቅቡን ካሸነፍን በኋላ አጎቴ፣ «ይህን ከቻልን ፍሬኑንስ ለምን ለሰው እንከፍላለን?» አለ። እኔም «እውነትህን ነው» አልኩ። የፍሬን ሸራ ገዛን። አራቱንም ጎማ ፈትተን ለወጥን። ፍሬን የሚሠራው በዘይት ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ በቱቦ ውስጥ ያለው ዘይት ተገፍቶ ሸራውን ያስጨብጣል። ቱቦው ከተከፈተ አየር ስለሚገባ አየሩ ተጠርጎ መውጣት አለበት። አንድ ሰው ፔዳል ይረግጣል፤ ሌላው በየጎማው ያለችውን ማስተንፈሻ ይከፍታል፣ ይዘጋል። አጎቴ ረገጠ። የከፈትኩትና የዘጋሁት እኔ ነበርኩ።

በመጨረሻው ጎማ ላይ ስንደርስ መሸ። ፔዳሉ ትንሽ ይላላ ነበር። «ነገ እንጨርሰዋለን» ተባባልን። አሮጌውን የፍሬን ዘይትም ጨርሰን አልለወጥነውም። በማግሥቱ ኮተቤ መንገድ ላይ ሞከርነው። ሜዳ ነው። ፍሬኑ ያዘ። ደጋግመን ሞከርነው፤ ያዘ። «አለቀ» አልን።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰው ጭነን ከጉራራ ወደ ፈረንሳይ ወረድን። አጎቴ ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ ይነዳ ነበር። ይህ ብዙ ሾፌር ያለው መጥፎ ልማድ ነው። ሁለተኛው ኩርባ ላይ አንዳች ነገር ሸተተኝ፤ የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ የአጎቴ እግር እስከ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። «ፍሬን የለም» አለ፤ አልጮኸም። ከፊታችን ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች በመንገዱ ዳር ተደርድረው ይሄዳሉ። አጎቴ በግድ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፤ ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ጎተተና መሪውን ወደ ተራራው በኩል አዙሮ ከተቆለለ አፈር ላይ ሰካት። የመጨረሻዋ ልጅ ከመከላከያው አንድ እርምጃ ያህል ርቃ ነበር። ቦርሳዋን አቅፋ ቆማ አየችን።

ማንም አልተጎዳም። የፊት መብራቱና ፓራፋንጎው ተጨፈለቁ። እኔ ግን ያቺን ልጅ እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ምን ሆኖ ነው? በሜዳ የያዘው ፍሬን በቁልቁለት ለምን ከዳን? ስሌቱ ይህ ነው። ከነተሳፋሪዋ 1,300 ኪሎ የምትመዝን መኪና 500 ሜትር ቁልቁል ስትወርድ የሚፈጠረው ኃይል የትም አይጠፋም፤ በፍሬን ከያዝናት ሁሉም ፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። ይህ ሙቀት 20 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። አንድ ጀሪካን ውሃ በአራት ጎማ ላይ አፈላን እንደማለት ነው። የፍሬን ዘይት ቢያረጅ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። እርጥበት የጠጣ ዘይት ሲግል ይፈላል፤ አረፋም ይሆናል። በዚያ ላይ እኔ ቱቦው ውስጥ የተውኩት አየር ነበር። ዘይት ሲገፉት ይገፋል፤ አየርና አረፋ ግን ሲገፉት ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ስለዚህ ፔዳሉ ሰመጠ።

በኋላ የፍሬን ሥራ የሚያውቅ አንድ አዛውንት መካኒክ ሠራልን። እየሠራ፣ «ልጄ፣ ካርቡራቶር ስትሳሳት ቆማ ትነግርሃለች። ፍሬን ስትሳሳት ግን ቆማ አትነግርህም» አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ያልሰማሁት ትምህርት ነው።

5. መለያው

እንግዲህ «ጋራዥ ወይስ ራሴ?» ለሚለው ጥያቄ የአዛውንቱ ንግግር መልስ ይሰጠናል። አንድን ሥራ በገዛ እጃችን ከመጀመራችን በፊት እንዲህ ብለን እንጠይቅ፤ «ብሳሳት ስህተቴን የማየው የት ነው?»

ስህተቱ መኪናው በቆመበት፣ በደጃችን የሚታይ ከሆነ ብንሠራው ይጠቅመናል። የአየር ማጣሪያ፣ ካንዴላ፣ የሞተር ዘይት፣ ባትሪ፣ የጎማ ንፋስ፣ ቺንጊያ፣ አምፖል ከዚህ ይመደባሉ። ብንሳሳት መኪናው አይነሳም፣ ወይም ይንተፋተፋል፣ ወይም ዘይት ያንጠባጥባል። የሚጠፋው ጊዜያችን ነው። ጊዜ ደግሞ በእውቀት ይመለሳል።

ስህተቱ የሚታየው በቁልቁለት፣ በፍጥነት ወይም በኩርባ ላይ ብቻ ከሆነ ለባለሙያ እንክፈል። ፍሬን፣ መሪ፣ የጎማ እግሮችና ባሌስትራ ከዚህ ይመደባሉ። እዚህ የምንከፍለው ለዕቃና ለጉልበት ብቻ አይደለም። ሌላ ሰው አይቶ «ልክ ነው» እንዲልና ኃላፊነቱን እንዲወስድ ነው።

ሦስተኛ ዓይነት ሥራም አለ። ስህተቱን ለማየት እኛ የሌለን መሣሪያ የሚያስፈልገው ነው። ቴስታታ ሲከፈት ብሎኖቹ በመለኪያ ቁልፍ፣ በቅደም ተከተል መጠበቅ አለባቸው። ተርቦ መትከል፣ ኢንጀክተር መፈተሽ፣ ኮምፒዩተር ማንበብም እንዲሁ ናቸው። ተርቦ የሞተር ማራገቢያ ነው፤ አየርን አስገድዶ ያስገባል። ለደጋ አገር ጥሩ ነገር ነው። ግን ለተርቦ ባልተሠራ አሮጌ ሞተር ላይ ቢተከል ፒስተኑን ሊበሳው ይችላል። ይህ የግቢ ሥራ አይደለም።

ደግሞ የማይረቡ «ማሻሻያዎች» አሉ። ትልልቅ ጎማ ማሰር አንዱ ነው። ጎማው በአንድ አሥረኛ ቢተልቅ የመኪናው የመጎተት ኃይል በዚያው ያህል ይቀንሳል፤ የፍጥነት መለኪያውም ከእውነተኛው ያነሰ ያሳያል። ማርሚታ ቆርጦ ማስጮህ ሌላው ነው። ድምፅ ይጨምራል፤ ድምፅ ግን ዳገት አይወጣም። ብዙ ለመጫን ብሎ ባሌስትራ መደረብ ሦስተኛው ነው። ባሌስትራ ሲደረብ ፍሬን አይደረብም። መኪናው እንዲሸከም አደረግነው እንጂ እንዲቆም አላደረግነውም።

6. ወደ ጋራዥ ስንሄድ

ጋራዥ የሚሄድ ሰው ዓይኑን ቤቱ ትቶ አይሂድ። የሚከተሉትን አምስት ነገሮች እንያዝ።

ሀ. ችግሩን እንንገር እንጂ መድኃኒቱን አንዘዝ። «ቤንዚን ጨምርልኝ» ከማለት «አራት ሰው ስጭን ዳገት ላይ ታቃስታለች» ማለት ይሻላል።
ለ. ከሥራው በፊት ዋጋውና የሚሠራው ነገር በወረቀት ይጻፍ። ደረሰኝም እንቀበል።
ሐ. የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ እንጠይቅ። የእኛ ነውና ይመለስልን።
መ. በፊትና በኋላ እንለካ። ደብተራችንን ለመካኒኩ እናሳየው። ጎበዝ መካኒክ ይደሰታል እንጂ አይቆጣም።
ሠ. መኪናውን ስንረከብ መካኒኩን አስቀምጠን በምንሠራበት መንገድ እንሞክረው። እንጦጦ የሚወጣ መኪና በሜዳ ብቻ አይፈተንም።

የወኪል ድርጅትና የሰፈር ጋራዥ ልዩነትስ? ቶዮታን ለብዙ ዘመን ያስመጣው ሞኤንኮ፣ ኒሳንን ያስመጣው ኒያላ ሞተርስ የወኪል ድርጅት ምሳሌዎች ናቸው። ወኪል ድርጅት ለራሱ መኪና የተዘጋጀ መሣሪያና መጽሐፍ ይይዛል፤ ለሠራው ሥራም ዋስትና ይሰጣል። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፤ ወረፋም አለ። አዲስ መኪና በዋስትና ላይ እያለ በሌላ ቦታ ቢነካካ ዋስትናው ሊቀር ስለሚችል ውሉን አስቀድሞ ማንበብ ይገባል። የሰፈር ጋራዥ ቅርብ ነው፤ ይረክሳል፤ እያየን ይሠራልናል። ችሎታው ግን ከሰው ሰው ይለያያል። አሮጌ ላዳ ወኪል ድርጅት አያሻትም። በኮምፒዩተር የሚሠራ አዲስ መኪና ደግሞ በግምት አይነካም።

ሞተር ሙሉ በሙሉ መለወጥ ወይም የመኪናውን አካል መቀየር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ይህ በሊብሬው ላይ የተጻፈውን ይለውጣል። ስለዚህ ከመሥራት በፊት ተሽከርካሪ ለሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ያስፈልጋል። አለዚያ ለቦሎ ምርመራ ስንቀርብ ችግር ይገጥመናል።

7. ስለ አዳዲሶቹ መኪናዎች

ቪትዝና የቅርብ ጊዜ ኮሮላ ካርቡራቶር የላቸውም። የሚገባውን አየርና የሚወጣውን ጭስ የሚለኩ መሣሪያዎች አሏቸው፤ ቤንዚኑን ራሳቸው ይመጥናሉ። እንጦጦ ላይ ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ ድብልቃቸው ግን አይበላሽም። የአየር ማጣሪያቸውን መለወጥና ንጽሕናቸውን መጠበቅ የባለቤቱ ሥራ ነው። ከዚያ በላይ ያለው በኮምፒዩተር ይታያል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍታ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በብዛት ገብተዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር እሳት አያነድም፤ ስለዚህ አየር አይሻም። በባሕር ዳርቻ ያለው ጉልበት እንጦጦ ጫፍ ላይም ያው ነው። ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ፍሬኑም ያርፋል። ነገር ግን በእነዚህ መኪናዎች ውስጥ ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ገመዶች አሉ። ብዙዎቹ ከ300 ቮልት በላይ ይሸከማሉ። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። ብርቱካንማውን ገመድ ያልሠለጠነ ሰው አይንካ። እዚህ ላይ ስህተት የሚታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

8. ማጠቃለያ

አጎቴ ዛሬም ላዳዋን ይነዳል። ካንዴላዋን ራሱ ያወጣል፤ ማጣሪያዋን ራሱ ይለውጣል። የፍሬን ዘይቷን በየሁለት ዓመቱ በባለሙያ ያስለውጣል። ከጉራራ ሲወርድ በወጣበት ማርሽ ይወርዳል፤ ሞተሩ መኪናዋን እንዲይዛትና ፍሬኑ እንዲያርፍ ነው። በፎሌ መንዳት ትቷል። ደብተሩ ሦስተኛው ነው።

በቀደም አንድ ጎረቤት መጥቶ፣ «ጉልበት እንዴት ጨመርክላት? የት አሠራሃት?» ብሎ ጠየቀው። አጎቴ ደብተሩን አወጣና፣ «መጀመሪያ የአንተን አምጣና እንየው» አለው።

«የምን ደብተር?» አለ ጎረቤቱ።

«እንግዲያው ሂድና ጻፍ። በሳምንት ተመልሰህ ና» አለው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የአጎትየው ላዳ ዳገት መውጣት ያቃታት በምን ምክንያት ነው? ከቡና ምድጃ ጋር አነጻጽራችሁ አስረዱ።
2. ፍሬኑ በኮተቤ ሜዳ ይዞ በጉራራ ቁልቁለት ለምን ከዳ? ሁለቱን ምክንያቶች ተናገሩ።
3. አንዲት መኪና በአሥር ሊትር 80 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ከጥገና በኋላ በአሥር ሊትር 100 ኪሎ ሜትር ሄደች። 400 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ስንት ሊትር ይተርፋታል?
4. በቤታችሁ ወይም በሥራ ቦታችሁ ያለ አንድ ዕቃ አስቡ፤ የልብስ ስፌት መኪና፣ ወፍጮ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሊሆን ይችላል። ሲበላሽ የትኛውን ክፍል ራሳችሁ ትሠራላችሁ? የትኛውን ለባለሙያ ትሰጣላችሁ? «ብሳሳት ስህተቴን የማየው የት ነው?» በሚለው ጥያቄ መልሱ።
5. መኪና የምትነዱ ከሆነ ለአንድ ሳምንት የቀዳችሁትን ሊትርና የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር በደብተር ጻፉ። የማትነዱ ከሆነ የቤታችሁን የከሰል ወይም የመብራት ወጪ ጻፉ። ውጤቱን ለጓደኞቻችሁ አንብቡላቸው።